አድሮ ቀይ ከሆነ

ዕድሜዬን በሙሉ ሳጥብ ኖርኩ። መጀመሪያ ሱፍ፣ ቀጥሎ የሆስፒታል አንሶላ፣ በመጨረሻ የቤተ ሙከራ ብርጭቆ። እኔ ባጠብኩት ብርጭቆ ውስጥ ወርቅ ቀይ ሆኖ ሲፈላ አይቻለሁ። ይህን ስናገር የሰፈሬ ሴቶች "አስካለ ደግሞ!" ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ጓደኞቼ ጋቢ አለበሱኝና "እስቲ አንድ ቃል ተናገሪ" አሉኝ። ተነሣሁ። "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ተቀመጥኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው በራሴ ተናደድኩ። ያን ሁሉ ዘመን የሠራ ሰው እንዴት የሚለው ያጣል? ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ፊደሌም ይንጋደዳል። ቢሆንም ሥራዬን አውቀዋለሁ። ያን ዕለት ያልተናገርኩትን አሁን ልጻፈው።

የተወለድኩት አንኮበር ነው። ደብረ ብርሃን የመጣሁት በልጅነቴ፣ አክስቴ ዘንድ ነው። መጀመሪያ የገባሁበት ሥራ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሱፍ ማጠቢያ ነበር። ከመዘዞና ከጣርማ በር የሚመጣው የበግ ሱፍ ከነጭቃው፣ ከነበጠጡ፣ ከነቅባቱ ይደርሰናል። አለቃችን ቆፍጣና ሴት ነበሩ። ሱፉን በእጃችን ስናሸው ካዩ ከወዲያኛው ጥግ ይጮኻሉ፤ "አትሹት! ሱፍ ከታሸ ይቋጠራል፣ ከተቋጠረ ምን ብታደርጊ አይፈታም!" ብዙ ነገር ረስቻለሁ፣ ይህን ግን አልረሳሁም። በኋላ ዘመን ሌላ ነገር ሲቋጠር አይቼ አስታወስኩት።

ከዚያ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ገባሁ። እዚያ የተማርኩት ደም በሙቅ ውሃ እንደማይታጠብ ነው። በሙቅ ካጠብሽው ይቀቀልና ከጨርቁ ጋር አንድ ይሆናል፤ ቀዝቃዛ ውሃና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ሌላም ነገር ተማርኩ፣ ያ ግን ክፉ ትምህርት ነበር። ጡታቸው በነቀርሳ የቆሰለ ሴቶች የተኙበትን አንሶላ አጥብ ነበር። ሽታው እጄ ላይ የሚቀር ይመስለኛል። አንዳንዷ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ትሞታለች። የሷ አንሶላ በመጣ ቁጥር የማጠቢያው ሴቶች "ብረት ሲነካው ተቆጣ" እንባባል ነበር። ነቀርሳ ብረት ካልነካው ተኝቶ ይኖራል፣ ቢላ ሲያገኘው ግን ይቆጣና ይበተናል ይባላል በኛ አገር። እኔም አምኜው ኖርኩ። ድነው የሄዱትን አላያቸውማ። የዳነ ሰው ለኔ የሚተወው አንሶላ የለውም።

ስለ ደመወዝና ስለ ዝውውር ወረቀት አላወራም፤ ያንን የሚያወራው አይጠፋም። ብቻ ከሆስፒታል ወደ ምርምር ቤተ ሙከራ ተዛወርኩ። እዚያ ነው ጋሼ ተክሌን ያገኘኋቸው።

ጋሼ ተክሌ የአንኮበር ቄስ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ጀምረው ነበር፤ ትምህርት ቤት ገብተው ኬሚስትሪ ወሰዳቸውና በዚያው ቀሩ። የቤተ ሙከራው ዋና ባለሙያ ነበሩ። ኃላፊያችን ዶክተር ሐያት ደግሞ የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ውጭ አገር ተምራ የተመለሰች። ጋሼ ተክሌ አባቷን ገበያ ላይ ያውቋቸው ስለነበር ዶክተር ማለት ይረሱና "አንቺ ልጅ" ይሏታል። እሷም "አቤት ጋሼ" ትላለች። እንዲህ ያለ ቤት ነበር።

የገባሁ ዕለት ጋሼ ተክሌ አንድ ጠርሙስ ወደ መስኮቱ አንሥተው አሳዩኝ።

"ንጹሕ ነው?" አሉኝ።

"ያበራል እኮ።"

"የሚያበራ ሁሉ ንጹሕ ነው?" ብለው ውሃ አፈሰሱበት። ውሃው በአንድ በኩል እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ ወረደ፤ በሌላው በኩል ጠብታ ጠብታ ሆኖ ቆመ። "ጠብታው የቆመበት ቦታ ቅባት አለ። እኛ ዓይናችን አያየውም፣ ወርቁ ግን ያየዋል። እዚያች ቅባት ላይ ይለጠፍና ሥራችንን ሁሉ ያበላሸዋል።"

ከዚያ ወዲያ ብርጭቆ ማጠብ ምን እንደሆነ ገባኝ። መጀመሪያ በሳሙና፣ ከዚያ ጋሼ ተክሌ ራሳቸው ወርቅን የሚያሟሟ አሲድ ያዞሩበታል፤ እሱን ለማንም አይሰጡም። ከዚያ እኔ በተጣራ ውሃ ደጋግሜ አለቀልቀዋለሁ፤ ውሃው ሳይንጠባጠብ እንደ ጨርቅ እስኪወርድ። ከዚያ አፉን ወደ ታች። በጨርቅ መወልወል ክልክል ነው። መጀመሪያ ሰሞን በልማዴ አንዱን በነጠላዬ ጫፍ ወልውዬው ጋሼ ተክሌ "ነጠላሽን ነው የቀባሽበት" አሉኝና እንደገና አሳጠቡኝ።

የሚሠሩትን ሥራ ዶክተር ሐያት ስታስረዳኝ እንዲህ አለችኝ፦ "ወርቁን በጣም፣ በጣም ደቃቅ አድርገን እንሠራዋለን። አንዷን የወርቅ ፍሬ የጤፍ ያህል ብናሳድጋት፣ ጤፏ ራሷ ኮረብታ ታክላለች።" ያን ያህል ሲደቅቅ ወርቅ ቢጫ መሆኑን ይተዋል። ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ። ቢጫ ውሃ በብርጭቆ ይፈላል፣ ከሥሩ ትንሽ ነጭ ማግኔት እየተሽከረከረች ታማስለዋለች። ጋሼ ተክሌ "በስመ አብ" ይሉና ከሎሚ አሲድ የተሠራ ጨው ይጨምሩበታል። ቢጫው ይጠፋል፣ ትንሽ ይጠቁራል፣ ከዚያ ድንገት ቀይ ይሆናል፤ እንደ ወይን ጠጅ ጥርት ያለ ቀይ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን እልል ልል ነበር።

"ይደር" አሉ ጋሼ ተክሌ።

"ምኑ ነው የሚያድረው?" አልኩ።

"ዛሬ የቀላ ሁሉ ቀይ አይባልም። አድሮ ቀይ ከሆነ ቀይ ነው።"

ይህ የሰውየው ጠባይ ነበር። ምንም ነገር በዕለቱ አይደሰቱበትም። ጠዋት ሲመጡ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ጠርሙሱን በነጭ ወረቀት ፊት አንሥተው በመስኮቱ ብርሃን ያዩታል። ቀይ ከሆነ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ሰማያዊ ከሄደ ወርቁ ተቋጥሯል ማለት ነው፤ ይደፋል። ዶክተር ሐያት በመሣሪያ ትለካዋለች፣ ስንት ነገር አላት፤ ጋሼ ተክሌም መሣሪያውን አይንቁም። ግን እሳቸው ሳያዩት ወደ መሣሪያው የሚሄድ ጠርሙስ አልነበረም።

ዋናው ሥራ ግን ቀይ ማድረጉ አልነበረም። ጋሼ ተክሌ "ካባ ማልበስ" የሚሉት ነው። ራቁቱን የሆነ ወርቅ ደም ውስጥ ቢገባ ወዲያው ይቋጠራል፤ ያልተቋጠረውንም የሰውነት ዘበኞች አግኝተው ጉበት ውስጥ ይጥሉታል፤ ካንሰሩ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ውሃ የሚወድ ደቃቅ ክር ዙሪያውን ያለብሱታል። በክሩ ጫፍ ላይ ደግሞ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠውን ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲድ የሚሉትን፣ ይሰፉበታል። እሱን ልጄን ፋናዬን ሳረግዝ ጤና ጣቢያ ውጬዋለሁ። ካንሰር በፍጥነት ስለሚያድግ ይህን ቫይታሚን ይራባል፤ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ምግብ መጣልኝ ብሎ ሲውጠው ወርቁን አብሮ ይውጣል። ያን ጊዜ በራጅ ሲታይ ወርቁ ያለበት ቦታ ይታወቃል፤ ነቀርሳው የት እንዳለ ነገረሽ ማለት ነው። ከዚያ በቆዳ የሚያልፍ ብርሃን ሲበራበት ወርቁ ይሞቅና ያረፈበትን ብቻ ያቃጥላል። ሐሳቡ ይህ ነው።

ካባው በደንብ መልበሱን የሚያውቁት በጨው ነው። ከጠርሙሱ ጥቂት ይቀዱና የጨው ውሃ ጠብ ያደርጉበታል። ራቁቱን ከሆነ ዓይንሽ እያየ ሰማያዊ ይሆናል። ከለበሰ ቀይ ሆኖ ይቆያል። "ደም ጨው ነው፤ ጨው ያልቻለ ደም አይችልም" ይላሉ ጋሼ ተክሌ። እኔም ይህን ሁሉ እያየሁ፣ እያጠብኩ፣ ልቤ ሞላ። ካንሰርን አንሶላ ላይ ብቻ የማውቅ ሴት አሁን መድኃኒቱ የሚሠራበት ቤት ነኝ ያለሁት። ቤቴ ስገባ ለልጄ አወራላት ነበር። ያወራሁት ወሬ ዞሮ መጥቶ እንደሚይዘኝ አላወቅኩም።

ፋናዬ አንድ ልጄ ናት። አባቷ ገና በጡት ሳለች ሞቶ እኔው አሳደግኋት። አንኮበር አስተማሪ ናት። በመስቀል ሰሞን መጣችና ጓሮ ጠጉሯን እያጠብኩላት ሳለሁ እጄን ያዘችው። አረፋው እንዳለበት ወስዳ ጡቷ ላይ አደረገችው።

"እማዬ፣ እዚህ ጋ ምንድን ነው?"

ዳበስኩት። ሽምብራ ታክላለች። ጠንካራ። ከሥር የያዘች።

"ያምሻል?"

"አያመኝም።"

"ካላመመሽማ..."

"እትዬ ዘነበችንም አላመማትም ነበር።"

ዘነበች ጎረቤታችን ነበረች። ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ብዙም ሳትቆይ የሞተች። ጣሳው ከእጄ ወደቀ። ፋናዬ አረፋው ዓይኗ ውስጥ እየገባ "ውሃ አፍስሺብኝ እንጂ" አለችኝ። አፈሰስኩባት።

ሆስፒታል እንሂድ አልኳት። እንቢ አለች። ጠበል ልውሰድሽ አልኳት፤ ጠበሉን እሺ አለች፣ ሆስፒታሉን ግን እንቢ። "ብረት አይነካኝም። አንቺ ራስሽ አይደለሽ የነገርሽኝ? የናንተ ወርቅ እስኪደርስ እጠብቃለሁ። በብረት ከምሞት በወርቅ እድናለሁ።"

ምን ልበላት? ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ብረቱን እኔም ፈርቼዋለሁ። ሌሊት ስገላበጥ የማየው ያን አንሶላ ነበር። ቀን ሥራ ቦታ ስሄድ ደግሞ የማየው ያን ቀይ ጠርሙስ።

አንድ ቀን ዶክተር ሐያት ብቻዋን ስታገኘኝ በግልጽ ጠየቅኋት።

"ዶክተር፣ ከዚህ ከቀዩ ላይ ጥቂት ለልጄ ብትሰጫት።"

የያዘችውን አስቀምጣ አየችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። እጄን ያዘች።

"እትዬ አስካለ፣ ወላሂ ለእናቴም አልሰጥም።"

"ለምን? ይኸው ጨውን ቻለ። አድሮ ቀይ ነው።"

"ጠርሙስ ውስጥ ነው የቻለው። አይጥ ላይ እንኳ ገና አልደረሰም። ይጥቀማት ይግደላት እኔ ራሴ አላውቅም። አይጥ አለ፣ ከዚያ ሌላ እንስሳ አለ፣ ከዚያ በጎ ፈቃደኛ ሰው አለ። ዓመታት ነው። ልጅቱን ዛሬ ሆስፒታል ውሰጃት፣ ዛሬ። እብጠቱ ትንሽ ሳለ ከወጣ እኮ ይድናል።"

ለፋናዬ ነገርኳት። "ዓመታት አለች? እጠብቃለኋ" አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ልጄ ግትር ናት፤ በአባቷ ነው ብዬ ልለፈው። እኔም ለምኜ፣ አልቅሼ፣ ቄስ ልኬባት አልሆነም። ጥቅምት እንዲሁ አለፈ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ እዳብሳታለሁ። ሽምብራዋ ያደገች ይመስለኛል፣ ደግሞ አላደገችም እላለሁ። መፍራት ይሉሻል ያ ነበር።

አሁን ስለዚያ ኅዳር ልጻፍ።

ለአዲስ አበባ የአይጥ ሙከራ የሚላከው ወርቅ ተሠርቶ አልቋል። የብዙ ወር ልፋት ነው። ካባው ገብቶበታል፤ ክሩ በደንብ እስኪይዝ ግን በቀዝቃዛ ቦታ ጥቂት ቀን ማደር አለበት። በዚያው ሰሞን መብራት ጠፋ። አንድ ቀን ጠፍቶ ይመጣል ሲባል ሰነበተ። ፍሪጁ ሞቀ። ቀን ቀን ደግሞ የኅዳር ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ክፍሉን ታሞቀዋለች።

ጋሼ ተክሌ ጠርሙሶቹን ሳጥን ውስጥ ደረደሩና ወደ ሰሜን በኩል ባለው በረንዳ አወጧቸው።

"ደብረ ብርሃን ራሷ ፍሪጅ አይደለችም እንዴ?" አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። ዶክተር ሐያትም ሳቀች። ለምን አንስቅ? ሥጋውንም ቅቤውንም እንዲህ አይደል የምናሳድረው? የዚህ አገር ሰው ውጭ ያሳደረው ነገር ተበላሽቶበት አያውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ስመጣ ሣሩ ሁሉ በአመዳይ ነጭ ሆኗል። ቧንቧው ውሃው በረዶ ሆኖበት ተሰንጥቋል። ወደ በረንዳው ሮጥኩ። ጋሼ ተክሌ ቀድመውኝ ደርሰው ሳጥኑን አቅፈው ከበረንዳው ይገባሉ። ጠርሙሶቹ በረዶ ሆነዋል። ጠረጴዛ ላይ ደረደሯቸው። በረዶው ሲሟሟ ቀይነቱ ይመለስ እንደሆነ ቆመን አየን። አመድማ ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ እሱም ጠራ፤ ውሃው ባዶ ሆነና ከሥር ጥቁር ዱቄት ዘቀጠ። ቢነቀነቅ ይነሣል፣ መልሶ ይዘቅጣል። የሱፍ ማጠቢያዋ አለቃችን ድምፅ መጣብኝ፤ ከተቋጠረ አይፈታም።

"ይመለሳል ጋሼ?" አለች ዶክተር ሐያት።

"አይመለስም።"

አግዳሚው ላይ ተቀመጡና መነጽራቸውን አወለቁ። "ካባውን ለብሶ ሳይጨርስ ውርጭ አገኘው። የዚህ አገር ልጅ ሆኜ፣ ኅዳርን ረስቼ። በረዶው ውሃውን ሲይዘው ወርቁን ወደ አንድ ጥግ አጨናነቀው፤ እርስ በርሱ ተያያዘ። ይህን ለተማሪ ሳስተምር ኖሬ።"

"ሁላችንም ስቀናል እኮ ጋሼ" አለች።

"የሳቃችሁት እኔን አምናችሁ ነው።"

እኔ አለቀስኩ። ከሳቸውም ከሷም ብሼ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ጋሼ ተክሌ ገርሟቸው ቀና አሉ።

"አስካለ፣ አንቺ ምን ሆነሻል? ሰው የሞተብሽ እኮ ነው የምትመስይው።"

ነገርኳቸው። ልጄ ይህን ጠርሙስ እየጠበቀች እንደሆነ ነገርኳቸው። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉ።

"መቼ ነው የምትመጣው?"

"ቅዳሜ።"

"ወደዚህ አምጫት። እነዚህን ጠርሙሶች ደግሞ እንዳታጥቢያቸው።"

ቅዳሜ ፋናዬን ሥራ ቦታዬን ላሳይሽ ብዬ አመጣኋት። ጋሼ ተክሌ ሁለት ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋል። አንዱ ቀደም ሲል ለናሙና የቀረ፣ ቀይ። ሌላው ከውርጩ የወጣ።

"ልጄ፣ እየጠበቅሽ ነው አሉ። የትኛውን ነው የምትጠብቂው?"

"ቀዩን" አለች ፋናዬ።

የሞተውን አንሥተው ነቀነቁት። ጥቁሩ ዱቄት ተነሣና መልሶ ዘቀጠ። "ይህም እንደዚያው ቀይ ነበር። ካቻምናም አይደለም፣ በዚህ ሳምንት። አንድ የኅዳር ሌሊት ገደለው። ውጭ ያሳደርኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ አንቺ የምትጠብቂው የኔን እጅ ነው፤ እጄን አየሽው?"

ፋናዬ ወደ ጥቁሩ ዱቄት ጎንበስ አለች።

"እኛ ገና ካባ መስፋት እየተማርን ነን። ስንሳሳት እንደፋለን፣ እንደገና እንሠራለን፤ ጊዜ አለን። ያቺ ያንቺ ሽምብራ ግን እኛ እስክንማር ቁጭ ብላ አትጠብቅም።"

"ብረቱስ ጋሼ? ብረት ሲነካው ይቆጣል ይላሉ።"

"ማን ነው የሚለው?"

"ሁሉም። እማዬም።"

ሁሉም እኔን አዩኝ። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ቃል መጣልኝ። "ልጄ፣ ዘነበች ሆስፒታል የሄደችው ጡቷ ፈንድቶ ነው። ሰው እንዳያይባት በነጠላ ሸፍና ከርማ። አንሶላዋን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ድነው የወጡትን አላየሁም፤ እነሱ ተኝተው አልከረሙማ። ያየሁትን ብቻ ነው ያወራሁልሽ።"

ዶክተር ሐያት ቀበል አድርጋ "ብረቱ አይደለም የገደላት እህቴ፣ ብረቱ ዘግይቶ ነው የደረሰላት" አለቻት።

ፋናዬ ጥቁሩን ጠርሙስ አንሥታ ወደ መስኮቱ ያዘችው፤ ልክ እንደ ጋሼ ተክሌ። ከዚያ ከንፈሯ ፈገግ አለ።

"ጋሼ፣ የራስዎን ጥፋት ለኔ ማስፈራሪያ አደረጉት አይደል?"

"ምን ላድርገው? ለሌላ ነገርማ አይሆንም።"

ሰኞ ሆስፒታል ነበርን። በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ነቀርሳ አለ። ሐኪሙ ቶሎ መጣችሁ፣ ወደ ብብቷ አልዘለቀም አለን። እኔ የሰማሁት ነቀርሳ የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። የቀረውን ያስረዳችኝ ልጄ ናት፤ ታማሚዋ አስታማሚዋን እየደገፈች ወጣን።

አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ጡቷ ወጣ። ስትነቃ እጇን ወደ ደረቷ ወሰደች፣ ፋሻውን ዳበሰችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። ልብሷን ወስጄ ደሙን በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኩ። ስመለስ "እማዬ፣ ርቦኛል" አለችኝ። ያን ቃል እስክሞት አልረሳውም።

ከዚያ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ተጀመረ። ነርሷ ይዛው ስትመጣ ብድግ አልኩ። ቀይ ነው! ጥርት ያለ ቀይ።

"ዶክተር" አልኩት ሐኪሙን፣ "ይህ ካባ ለብሷል?"

"ምን አሉኝ እናቴ?"

"እማዬ ተይ" አለች ፋናዬ።

"ካባ። እንዳይቋጠር፣ ሌላ ቦታ እንዳይሄድ የሚለብሰው።"

ወጣቱ ሐኪም ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ነገሩ ሲገባው ሳቀ፤ በኔ ላይ አልነበረም ሳቁ። "ይህኛው ወርቅ አይደለም፤ ቀይ የሆነው በተፈጥሮው ነው። ካባ የለበሰ ወንድም አለው፣ እኛ ጋ ግን አይገኝም። ይህ ራቁቱን ነው የሚገባው። ስለዚህ ካንሰሩንም ይመታል፣ ጠጉሯንም ይመታል፣ ሆዷንም ያውካል። ግን ይሠራል።"

ጠጉሯ ረገፈ። በመስቀል ያጠብኩት ጠጉር ትራሷ ላይ ቀረ። በየቦታው የሚያልፈው ራቁቱን ስለሆነ ነው አልኩ በሆዴ። ሰዎቹ ካባውን ለመስፋት ለምን እንደሚደክሙ ያን ጊዜ በደንብ ገባኝ። ሥራዬን እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

ፋናዬ መድኃኒቱን እየጨረሰች ሳለ እኔ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ቤተ ሙከራው ወርቁን እንደ አዲስ እየሠራ ነበር። ጋሼ ተክሌ ለጠርሙሶቹ ሳጥን አሠርተው ውስጡን በበግ ሱፍ አልብሰውታል፤ መብራት ቢጠፋ ቀን እንዳይሞቅ ሌሊት እንዳይበርድ። ዶክተር ሐያት ሙቀት መለኪያ ከተተችበትና ልክ ነው አለች። ሱፉን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሳላሽ። ብርጭቆውንም እንደ ቀድሞው አጠብኩ፣ እንዲያውም ከቀድሞው አብልጬ። ወርቁ ቀላ፣ አደረ፣ ካባውን ለበሰ፣ ጨውን ቻለ፣ አዲስ አበባ ሄደ። ሱፍ ለብሶ ያለ ጣጣ ደረሰ። ከጊዜ በኋላ ዶክተር ሐያት ፎቶ ይዛ መጣች። የአይጧ ራጅ ነው። ወርቁ እብጠቱ ላይ ተሰብስቦ ነጭ ሆኖ ይታያል። ጉበቷም ላይ አለ፣ ግን እብጠቱ ላይ ይበዛል።

"አልሐምዱሊላህ!" እያለች ክፍሉን ዞረችው። ሁላችንም ጋሼ ተክሌን አየን።

"ይደር" አሉ። ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

ለሰው ገና ነው። መንገዱ ረጅም እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እኔ ግን እንደሚደርስ አልጠራጠርም፤ እጆቻቸውን አይቻለሁ።

ጋሼ ተክሌ ከኔ ቀድመው ጡረታ ወጥተው አንኮበር ገብተዋል። እኔም ዕድሜዬ ገና ነበር፣ ግን አገልግሎቴ ስለሞላ ጡረታ ወጣሁና ልጄ ዘንድ አንኮበር ሰነበትኩ። ፋናዬ ወደ ማስተማሩ ተመልሳለች። ጠጉሯ መልሶ በቅሏል፤ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ፣ እንደ ጠቦት ጠጉር። ምርመራ በመጣ ቁጥር ሐኪሙ ንጹሕ ነው ይለናል። እኔ ፈሪ ነኝ፣ ፈሪ ሆኜ እቀራለሁ። ንጹሕ ነው ሲለኝ የሚያበራው ጠርሙስ ትዝ ይለኛል። ስለዚህ "ይደር" እላለሁ በሆዴ። ጠዋት ስትነሣ ደግሞ ፊቷን አያለሁ። ሌላ ጠዋትም እንደገና አያለሁ። እንዲህ እንዲህ ብዙ ጠዋት ሆነ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጋሼ ተክሌ በሩ ላይ ቆመው አገኘናቸው። ፋናዬን አገጯን ይዘው ፊቷን ወደ ፀሐይ ቀና አደረጉት፤ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው በጥንቃቄ አዩዋት።

"እንዴት አደርሽ ልጄ?"

"ቀይ ሆኜ አደርኩ፣ ጋሼ።"

ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ። ከዚያ መቋሚያቸውን አንሥተው ሲሄዱ መለስ አሉና "ነገም እጠይቅሻለሁ" አሏት።